ለጎንደር–ደባርቅ መስመር የሚሆን የመኝታ መኪና በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?

ጥያቄ፦ የማራኪ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ታናሽ ወንድሜ እንግዶችን ከጎንደር ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና ወደ ጎርጎራ በማመላለስ ሥራ ላይ የቆየን ነን። አሁን አንድ ሃይሩፍ ቶዮታ ሚኒባስ ገዝተን፣ የኋላ ወንበሮቹን አውጥተን፣ ሁለት አልጋ፣ ትንሽ ማብሰያ፣ የውኃ ታንከርና በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ባትሪ ልንገጥምለት አስበናል። ከመተማ በኩል የራሳቸውን መኪና እየነዱ ይገቡ የነበሩ ተጓዦች ጎርጎራ ሐይቁ ዳር ቆመው እዚያው መኪናቸው ውስጥ ሲያድሩ ያየ ሰው ሥራው ምን እንደሚመስል ይገባዋል። ገበያው አሁን ቀዝቀዝ ያለ ቢሆንም፣ መንገዱ ሲረጋጋ ዝግጁ ሆነን መገኘት እንፈልጋለን።

የቸገረን የነዳጁ ሒሳብ ነው። የቀረቡልን መኪኖች ሁለት ሲሆኑ፣ አንደኛው ባለ 2.7 ሊትር ቤንዚን፣ ሁለተኛው ባለ 2.5 ሊትር ናፍጣ ቱርቦ ነው። የቤንዚኑ ዋጋ ቀነስ ይላል። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ሁለቱንም ትተን ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ላንድክሩዘር እንድንይዝ ይመክረናል። ነዳጅ እንደ ልብ በማይገኝበት፣ ማደያዎችም በጀሪካን መቅዳት በሚከለክሉበት ጊዜ ጎንደር ላይ የሞላነው ነዳጅ ፓርኩ ውስጥ ያለው ሳንቃ በር አድርሶ መመለስ አለበት፤ ደባርቅ ላይ እናገኛለን ብሎ መተማመን አይቻልም።

በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ የሚነገረው አኃዝ ደግሞ እርስ በርሱ አይገጥምም፤ አንዱ "25 ይሄዳል" ሲል ሌላው ለተመሳሳይ መኪና "10 ይበላል" ይላል። ስለዚህ በዚህ መስመር የሠራችሁ ወይም መኪና የምትጠግኑ ሁሉ፣ አልጋና ውኃ የተጫነበት መኪና በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ፣ ከሁለቱ ሞተሮችም የትኛው እንደሚያዋጣ ብትነግሩን እናመሰግናለን።

ምላሽ፦ መካኒክ ከአራዳ

ከሞተሩ ልጀምር። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ደባርቅ 2850፣ ሳንቃ በር ደግሞ 3250 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በጎንደር ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ሳንቃ በር ላይ ጉድለቱ ከአንድ አራተኛ ያልፋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው ይህንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይወርዳል። ቱርቦ ያለው ግን አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን በአብዛኛው ያካክሳል።

ዘመድዎ ያሉት ላንድክሩዘር ጠንካራ መኪና መሆኑን ማንም አይክድም። ሆኖም 4.2 ሊትሩ ሞተር በብዛት የሚገኘው ያለ ቱርቦ ነው፤ ናፍጣ የሚረጨው ፖምፓ ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ ከመጣ ደግሞ በኛ ከፍታ ላይ አየሩ ሊያቃጥለው ከሚችለው በላይ ናፍጣ ይረጫል። ከጎንደር ወጥቶ ወደ ኮሶዬ ሲወጣ ጥቁር ጭስ የሚተፋ፣ የኋላ በሩም ከማርሚታው በኩል በጥላሸት የተቀባ ላንድክሩዘር ካያችሁ፣ ያ ጭስ ተከፍሎበት ሳይሠራ የወጣ ናፍጣ ነው። ፖምፓውን የሚያውቅ ሰው ቢያስተካክለው ይሻሻላል፤ ቢሻሻልም በዚህ መስመር በሊትር ከ7 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ድረስ ብቻ ጠብቁ።

ባለ 2.7ቱ ቤንዚን ካርቡራተር ስለሌለው ድብልቁን ራሱ ያስተካክላል፤ በዚህ በኩል ችግር የለበትም። ችግሩ ዳገት ላይ ነው። ጉልበቱ ስለሚቀንስ ሹፌሩ ማርሽ አውርዶ ሞተሩን እያስጮኸ ለመውጣት ይገደዳል፣ ቤንዚኑም ያኔ ያልቃል። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሜጋ ጁል ገደማ ኃይል ሲይዝ ቤንዚን 32 ገደማ ይይዛል፤ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ከዚያ ኃይል የበለጠውን እጅ ወደ ሥራ ይለውጣል። በእኔ ግምት እንደምትሉት የተጫነ ናፍጣ ቱርቦ ሃይሩፍ በደርሶ መልስ በሊትር ከ8 እስከ 9 ኪሎ ሜትር፣ ቤንዚኑ ከ6 ተኩል እስከ 7 ተኩል ይሄዳል። የመኪናው ታንክ 70 ሊትር ስለሚይዝ፣ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነው የጎንደር–ሳንቃ በር ደርሶ መልስ ናፍጣው ከበቂ በላይ ነው።

እኔን ከሞተሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ የምትጭኑት ነገር ነው። አናጺዎቻችን አልጋና ቁም ሳጥን ሲሠሩ 18 ሚሊ ሜትር ኤም ዲ ኤፍ ወይም ችፑድ ይወዳሉ። አንዱ ሙሉ ኤም ዲ ኤፍ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ተመሳሳይ ስፋት ያለው 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ግን የዚያ ግማሽ ያህል ብቻ ነው፣ ንዝረትንም የተሻለ ይችላል። በዚህ ላይ 100 ሊትር ውኃ 100 ኪሎ ነው። አንድ 100 አምፒር ሰዓት የአሲድ ባትሪ ወደ 30 ኪሎ ሲደርስ ሊቲየሙ 12 ኪሎ ገደማ ነው። ሳታስቡት 300 ኪሎ ትርፍ ትጭናላችሁ፤ ነዳጃችሁን የሚጨርሰው እሱ ነው።

ምላሽ፦ ከሽቱትጋርት

እኔ የጎንደር ተወላጅ ሆኜ ጀርመን አገር የምኖር መሐንዲስ ነኝ፤ እዚህ የመኝታ መኪና በየመንደሩ ስላለ ሁለት ነገር ልጨምር።

መጀመሪያ የአኃዙን ግራ መጋባት እናጥራ። በአውሮፓ የሚነገረው ለ100 ኪሎ ሜትር የሚፈጀው ሊትር ነው፤ እዚያ "10" ማለት እኛ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር የምንለው ሲሆን፣ "12" ግን በሊትር 8.3 ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መኪናው ይብሳል። እንግሊዞችና አሜሪካኖች በጋሎን ስንት ማይል ይላሉ፤ ነገር ግን የእንግሊዝ ጋሎን 4.546 ሊትር፣ የአሜሪካው 3.785 ሊትር ነው። ስለዚህ "25 ይሄዳል" ያለው ሰው እንግሊዛዊ ከሆነ በሊትር 8.9 ኪሎ ሜትር፣ አሜሪካዊ ከሆነ 10.6 ማለቱ ነው። እዚህ በፊያት ዱካቶ ላይ የሚሠሩት የተለመዱ የመኝታ መኪኖች በ100 ኪሎ ሜትር ከ9 እስከ 12 ሊትር ይፈጃሉ፤ አውቶቡስ የሚያካክሉት የአሜሪካ ቤንዚን መኪኖች ግን በሊትር 4 ኪሎ ሜትር ከሄዱ ባለቤቶቻቸው ደስ ይላቸዋል። የመካኒኩ ግምት ከዱካቶው ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ እቀበለዋለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ ግን ትንሽ ያከራክረናል። ክብደት ነዳጅ ይጨምራል፤ ነገር ግን ምን ያህል እንደሚጨምር እናስላው። 3 ቶን የሚመዝን መኪና ከጎንደር እስከ ደባርቅ 700 ሜትር ሲወጣ 21 ሜጋ ጁል ገደማ ሥራ ይሠራል። ከአንዱ ሊትር ናፍጣ ውስጥ ጎማው ላይ የሚደርሰው ሲሶው ያህል፣ ማለትም 12 ሜጋ ጁል ስለሆነ፣ ከፍታው ብቻውን 1.8 ሊትር ገደማ ይጠይቃል። 300 ኪሎ ትርፍ ሲጨመር ከፍታውና የጎማው ሰበቃ ተደምረው በ100 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ገደማ ያስወጣሉ። ይህ የሚናቅ አይደለም፣ ግን ከፍጥነት ጋር አይወዳደርም። አየሩ መኪናውን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ እንደ ሃይሩፍ ያለ ግንባረ ሰፊ መኪና በሜዳ መንገድ ላይ ከ90 ወደ 70 ቢወርድ በ100 ኪሎ ሜትር 1.5 ሊትር ገደማ ያተርፋል። ይህ ከ300 ኪሎው ትርፍ ሦስት እጥፍ ነው። የሳሳው አየራችን እዚህ ላይ እንኳ ይጠቅመናል፤ ለሞተሩ ቢጎድልም መኪናውን የሚገፋው ነፋስም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጣሪያው ላይ ግን ፖርቶ መጋላ፣ የፀሐይ ሰሌዳና ተቀያሪ ጎማ ከደረደራችሁ ያ ጥቅም እዚያው ይቀራል።

ምላሽ፦ የዳባት ሹፌር

የሽቱትጋርቱ ወንድማችን ሒሳብ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በደባርቅ መንገድ ላይ 90 የሚነዳ ሰው ነዳጅ ስለመቆጠብ ሳይሆን ስለ ነፍሱ ቢጨነቅ ይሻለዋል። መንገዱ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ እየወረደና እየወጣ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ይገባል፤ በየኩርባው አህያና በግ አለ፣ በየከተማው ባጃጅ አለ። አብዛኛው ጉዞ ከ40 እስከ 60 ባለው ፍጥነት ነው። የእሱ ምክር የሚሠራው በባሕር ዳር መስመር፣ በተለይ አዲስ ዘመንን አልፋችሁ ወረታና የፎገራ ሜዳ ላይ ስትደርሱ ነው፤ እዚያ መንገዱ ዘርጋ ስለሚል ሁሉም ይሮጣል። ስለዚህ ሁለት መንገድ ሁለት መልስ አለው በሉ።

በሰሜኑ መንገድ ነዳጅ የሚያልቀው በእግር ነው፤ በፍሬኑና በፔዳሉ ማለቴ ነው። ዳገቱ ገና ሲጀምር ማርሹን በጊዜ አውርዶ ፔዳሉን እኩሌታ ላይ ይዞ የሚወጣ ሹፌርና፣ በአራተኛ እያንገጫገጨ ፔዳሉን እስከ ወለሉ የሚረግጥ ሹፌር በአንድ መኪና ላይ የሚያወጡት ነዳጅ በግልጽ ይለያያል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ብዙዎቻችን ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥተን በዜሮ መልቀቅ ለምደናል። አልጋና ውኃ በጫነ መኪና ይህን ማድረግ ፍሬን ያግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም፤ ከደባርቅ ወዲያ ሊማሊሞ የወረደ ሰው ሽታውን ያውቀዋል።

ጎማውንም አትርሱት። ከደባርቅ ወደ ፓርኩ የሚገባው ኮረኮንች ስለሆነ ሹፌሮች ለምቾት ብለው ነፋስ ይቀንሳሉ፤ ሲመለሱ ጎሚስታ ጋ ቆመው ካልሞሉ እስከ ጎንደር ድረስ በለሰለሰ ጎማ ይነዳሉ፣ ጎማውም ነዳጁም ያልቃል። ትንሽ የነፋስ መሙያ መኪናው ውስጥ መያዝ ከብዙ ጌጣጌጥ ይበልጣል። እንዲሁም ለኮረኮንቹ ብላችሁ ከፋብሪካው የበለጠ ትልቅ ጎማ ከገጠማችሁ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያው አሳንሶ ስለሚቆጥር፣ መኪናው ከእውነተኛው የባሰ የሚበላ ይመስላችኋል።

ምላሽ፦ መካኒክ ከአራዳ

የዳባቱ ሹፌር በዜሮ ስለመልቀቅ ያነሣውን ላጠናክር፤ ጉዳዩ ከፍሬኑም ያልፋል። ማርሽ ገብቶ እግር ከፔዳሉ ላይ ሲነሣ፣ ጎማው ሞተሩን ስለሚያዞረው የናፍጣ ሞተር መርጨቱን ያቆማል፤ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራውም ሆነ ባለ ፖምፓው አሮጌው እንደዚሁ ነው። ማርሽ ሲወጣ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ራሱን ለማዞር ናፍጣ ይፈልጋል። ስለዚህ ረጅም ቁልቁለት ላይ በዜሮ የሚለቅ ሰው ቆጠብኩ እያለ ያቃጥላል። ልማዱ የመጣው ከካርቡራተር ዘመን ይመስለኛል።

የሽቱትጋርቱ ወንድሜ ስለ ክብደት ያቀረበው ስሌት ደግሞ መኪናው አንድ ጊዜ ወጥቶ የሚያርፍ አስመስሎታል። በዚህ መንገድ ግን ወጥተህ፣ ወርደህ፣ ለአህያ ፍሬን ይዘህ፣ እንደገና ተነሥተህ ነው የምትሄደው፤ የወጣኸው ከፍታ ተደምሮ ከ700 ሜትር በእጅጉ ይበልጣል፣ በፍሬን ያጠፋኸውም ኃይል አይመለስም። ግማሽ ሊትር ያለው በተግባር አንድ ሊትር ቢሆን አይገርመኝም። ባሌስትራውንና ጎማውን ከቆጠርነው ደግሞ ክብደት ከነዳጅ ሌላም ብዙ ያስከፍላል።

ምላሽ፦ ከሽቱትጋርት

የመውጣትና መውረዱን ነገር እቀበላለሁ፤ መንገዱን በልጅነቴ እንጂ በቅርቡ አላየሁትም። ለባሕር ዳሩ መስመር ግን ፍጥነቱ ይቀድማል በሚለው እጸናለሁ።

ምላሽ፦ አስጎብኚዋ

ወንድሞቼ ስለ መንዳት ሁሉን ብለዋል፤ እኔ ስለ ማደሩ ልናገር፤ የመኝታ መኪና ነዳጅ ቆሞም ያልቃል። ሳንቃ በር ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ታገኙታላችሁ። እንግዳው ሲበርደው ሹፌሩ ሞተር አስነሥቶ ማሞቂያ ይከፍትለታል። የቆመ የናፍጣ ሞተር በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ስለሚፈጅ፣ ሌሊቱን ያደረ መኪና ከዳባት እስከ ደባርቅ ሊነዳበት የሚችለውን ናፍጣ እዚያው አቃጥሎ ያድራል። በዚያ ላይ ጭሱ ወደ ውስጥ ከገባ ገዳይ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ከሰል አቀጣጥሎ በዝግ መኪና ውስጥ ማስገባት ነው፤ ይህን እንግዳም ሆነ ረዳት እንዳያደርገው ቀድማችሁ ከልክሉ።

በናፍጣ የሚሠሩ ትናንሽ ማሞቂያዎች አሉ፤ በሰዓት ከ0.1 እስከ 0.25 ሊትር ብቻ ስለሚፈልጉ ከሞተሩ በብዙ ይሻላሉ፣ ጭሳቸውንም በቱቦ ወደ ውጭ ያስወጣሉ። ነገር ግን እነሱም የሳሳው አየር ይነካቸዋል፤ ከ1500 ሜትር በላይ ለመሥራት ማስተካከያ ካልተደረገላቸው በጥላሸት ይደፈናሉ። ሻጩን ስለ ከፍታ ማስተካከያው ሳትጠይቁ አትግዙ። ገንዘቡ ካልተረፈ ደግሞ ጥሩ ፍራሽ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና አንድ አንድ ጋቢ ለእንግዳው ይበቃዋል። ከመኪናው ግድግዳ ውስጥ በኩል የሚለጠፍ የሙቀት መከላከያም አልጋው ከመገጠሙ በፊት ይደረግ፤ በኋላ ለማድረግ ሁሉን ማፍረስ ይጠይቃል።

የውኃውን ነገር መካኒኩ በክብደት አንሥተውታል። 100 ሊትሩን ከጎንደር ሞልታችሁ ኮሶዬን ለምን ትወጣላችሁ? ለመንገዱ 20 ሊትር ይዛችሁ ታንከሩን ደባርቅ ላይ ሙሉት። ስትመለሱም የተረፈውን ከመነሣታችሁ በፊት አፍስሱት።

ለማብሰያውም ጋዝ ስታስቡ፣ ውኃ በዚያ ከፍታ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ምስርና ባቄላ አልበስል ብሎ ጋዙን ይጨርሰዋል። የግፊት ድስት ያዙ፤ ወይም ወጡን ጎንደር ሠርታችሁ እዚያ አሙቁት።

ምላሽ፦ የማራኪ ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ላንድክሩዘሩን ትተነዋል፤ ናፍጣውን ሃይሩፍ ለመያዝ ወንድሜም ተስማምቷል። አናጺውን ስለ 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶው ዛሬውኑ አነጋግሬዋለሁ፤ ለአልጋው ወለል ይሳሳል ቢልም ከሥሩ የብረት ማገር ቢገባለት እንደሚችል ነግሮኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ መኪናውን ከመግዛታችን በፊት ሻጩ "በሊትር 11 ይሄዳል" የሚለውን እንዴት አድርገን እንፈትሽ? ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን አኃዝ ማመን ይቻላል?

ምላሽ፦ የዳባት ሹፌር

የዳሽቦርዱ አኃዝ ግምት ስለሆነ ብቻውን አትመኑት፤ አብዛኛውን ጊዜ መኪናውን ያሞካሻል። ጠዋት አዘዞ ካሉት ማደያዎች በአንዱ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆማችሁ፣ መቅጃው የመጀመሪያውን "ቀጭ" እስኪል ሙሉት፤ ከዚያ በላይ አትጨምሩ። ኪሎ ሜትሩን መዝግባችሁ፣ ከሻጩ ጋር ሆናችሁ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ነድታችሁ ተመለሱ። መመለሳችሁ ግድ ነው፤ መውጣቱን ብቻ ከለካችሁ መኪናው ያለ ልኩ በላተኛ ይሆናል፣ መውረዱን ብቻ ከለካችሁ ደግሞ ሻጩ ያለው 11 እውነት ይመስላል። በዚያው ማደያ፣ በዚያው መቅጃ፣ መኪናው በዚያው አቅጣጫ ቆሞ እስከ መጀመሪያው "ቀጭ" ድረስ ደግማችሁ ሙሉና የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍሉ። ባዶ መኪና በዚህ ሁኔታ 10 ከሄደ ደህና ነው። ከ9 በታች ከወረደ የነዳጅና የአየር ፊልትሮውን፣ ኢንጀክተሩንና የተጣበቀ ፍሬን እንዳለ መካኒኩ ይይላችሁ፤ ከጉዞው ተመልሳችሁ እንደቆማችሁ አራቱንም ቸርኬ በእጃችሁ ዳብሱ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ካለ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው።

ሰልፍ ስላለ ማደያው ሁለት ጊዜ ሙሉ አይቀዳላችሁም ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ የመጀመሪያውን ሙሌት ሻጩ ቀድሞ አስሞልቶ እንዲጠብቃችሁ አድርጉ፤ እናንተ በተገኛችሁበት ግን ጋኑ እስከ መጀመሪያው "ቀጭ" መሙላቱን ማደያው ላይ ትንሽ አስጨምራችሁ አረጋግጡ።

ምላሽ፦ መካኒክ ከአራዳ

ከፈተናው በፊት የጎማውን ነፋስ በበሩ ላይ በተለጠፈው ልክ አስሞሉ። ሻጭ አንዳንዴ መኪናው ቀለል ብሎ እንዲሄድ ከልኩ በላይ ያስነፋል።